የእንጣሎው ሰንጠረዥ ተጫዋች፤ ራስ ወልደ ሥላሴ

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሰንጠረዥ ስንል ወረቀት በመስመር ተከፋፍሎ የሠራተኛ ስምና የወር ወጪ የሚጻፍበትን ማለታችን ነው። ካዛንችስ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ ሰንጠረዥ አሰናዳ የተባለ ወጣት ጸሐፊ፣ ይህ ቃል በአያቶቹ ዘመን የንጉሥና የፈረስ፣ የዝሆንና የእግረኛ ጦር መሰለፊያ እንደ ነበረ ላያስታውስ ይችላል። ቃሉ መንገደኛ ነው። ሕንዶች አራቱን የጦር ክፍሎች፣ ማለት ዝሆኑን፣ ሠረገላውን፣ ፈረሰኛውንና እግረኛውን፣ በአንድ ስም ቻቱራንጋ ብለው ጨዋታ አደረጉት፤ ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፤ ዐረቦች ሻትራንጅ አሉት፤ ወደ እኛ ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ። ፈረንጆች ቼዝ የሚሉትም የዚያው ዘር ነው።

ይህን ጨዋታ በሀገራችን ከተጫወቱት ታላላቅ ሰዎች መካከል የውጭ አገር ሰው ከአጠገባቸው ተቀምጦ እያየ የጻፈላቸው የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ስማቸውን በታሪክ ትምህርት ያልሰማ ተማሪ የለም። ነገር ግን ከብዙ መሳፍንት ስም ጋር ተደርድሮ ስለሚነገር ሰውየው ራሳቸው ጠፍተው ስማቸው ብቻ ቀርቷል ለማለት ይቻላል። እኔ ሰውየውን ያገኘኋቸው በጦር ሜዳ ታሪካቸው ሳይሆን በሰንጠረዣቸው አጠገብ ስለሆነ፣ ሕይወታቸውንም ከዚያው አጠገብ ሆኜ ብተርክ ይሻለኛል።

ራስ ወልደ ሥላሴ የእንደርታው መኰንን የክፍለ ኢየሱስ ልጅ ናቸው። ወጣትነታቸው ከራስ ሚካኤል ስሑል ኃይለኛ ዘመን ጋር የተገናኘ ነበረ። ራስ ሚካኤል በ1761 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ዐፄ ኢዮአስን አስገድለው ሌላ ንጉሥ ካነገሡ ወዲህ የጎንደር ዙፋን የባለ ጦሮች መጫወቻ ሆነ፤ ዘመነ መሳፍንት የምንለውም የሚቈጠረው ከዚያ ነው። ወጣቱ ወልደ ሥላሴ ከእኒሁ ኃይለኛ ራስ ጋር ተጣልተው ሸፍተው እንደ ነበረ ይነገራል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ከሰማው ታሪክ ውስጥ አንዱ፣ ወልደ ሥላሴ በስደት ሳሉ ከራስ ሚካኤል ጦር ጀግና የሆነ ሁለት ሰው ይምጣብኝ ብለው መጥራታቸውና፣ ሁለት ስመ ጥር ሰዎች ተመርጠው ቢወጡ ሁለቱንም በእጃቸው መግደላቸው ነው። ሶልት ይህን በሰማ ጊዜ ራሱ በሽምግልና ላይ ነበሩ፤ ሰውነታቸውም ትንሽና ቀጭን፣ አካሄዳቸው ፈጣን፣ ዐይናቸው ብልህ፣ ነገር ግን ክብራቸውን የሚጠብቁ ሰው እንደ ነበሩ ተጽፏል። ሁለት ጀግና በአንድ ቀን የጣለ ሰው ግዙፍ መሆን አለበት ብሎ ለሚያስብ አንባቢ ይህ መልክ ያስገርመዋል።

በ1780ዎቹ ዓመታት ትግራይን በእጃቸው አገቡ። መቀመጫቸውንም በእንደርታ፣ በእንጣሎና በጨለቆት አደረጉ። ቦታውን ያለ ምክንያት አልመረጡትም። በምሥራቅ በኩል ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ እየተቈረጠ በግመልና በበቅሎ የሚወጣው አሞሌ ጨው የሚያልፈው በዚያ ነው። አሞሌ በዚያን ጊዜ ምግብ ብቻ አልነበረም፤ ገበያው ሁሉ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገንዘብ ነበረ። በሰሜንም በኩል የምጽዋ መንገድ አለ፤ በምጽዋ ጠመንጃ ይገባል። ጨውና ጠመንጃ በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ፣ ጎንደር ላይ ዘውድ የጫነው ማንም ይሁን ማን፣ የእንጣሎውን ሰው ሳያስብ አያድርም። ራስ ወልደ ሥላሴ ጎንደርን ይዘው አልተቀመጡም፤ ነገር ግን ለጎንደር ዙፋን ማን ይገባል በሚባለው ክርክር ውስጥ ድምፃቸው ሁልጊዜ ነበረ። በተለይ ብዙ ጊዜ ነግሠው ብዙ ጊዜ የተሻሩትን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ይደግፉ ነበር። በዙፋኑ ላይ ያሉትን ዐፄ እጓለ ጽዮንን ደግሞ የየጁው ራስ ጉግሣ ከደብረ ታቦር ሆነው በእጃቸው ይዘዋቸዋል። ሁለቱ ራሶች በየበኩላቸው ቆመው እየተያዩ ኖሩ።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ በ1797 ዓ.ም. ክረምት (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1805) የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የነበረው ሄንሪ ሶልት ከምጽዋ ተነሥቶ እንጣሎ ገባ። የላከው ሎርድ ቫለንሺያ የተባለ እንግሊዛዊ መኰንን ነበረ። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ከናፖሊዮን ፈረንሳይ ጋር ስለሚዋጉ የቀይ ባሕርን ዳርቻ ወዳጅ ለማድረግ ይፈልጉ ነበር። ሶልት ሥዕል ዐዋቂ፣ ያየውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ስለ ነበረ፣ የግብሩን ሥርዓት፣ የብርንዶውን አበላል፣ የመኳንንቱን አለባበስ ከጻፈ በኋላ የራሱን ሰንጠረዥም ጻፈ።

የጻፈው ይህን ይመስላል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ትልልቅና ሻካራ ናቸው እንጂ የአውሮፓን ያህል አልተለዘቡም። ተጫዋቹ የባለጋራውን ጠጠር በሚበላ ጊዜ ዝም ብሎ አያነሣውም፤ በራሱ ጠጠር በኃይል መትቶ ከቦታው ያስወነጭፈዋል። ሁካታው ብዙ ነው። በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ በጨዋታው ውስጥ ድምፅ አለው፤ እጁን ሰድዶ ጠጠሩን ይዞ በዚህ ቢሄድ ይሻላል እያለ ያሳያል። ይህን ካየ በኋላ ሶልት አንድ ነገር አስተዋለ፤ ይኸውም ይህ ሁሉ ጩኸትና ምክር እያለ፣ ባለጋሮቹ በብዙ ብልሃት እየተጠነቀቁ፣ ጨዋታውን ሁሉ ራሱ እንዲያሸንፉ ማድረጋቸው ነው።

ሶልት አካሄዱ ከሀገሩ ቼዝ የተለየ መሆኑንም ልብ ብሏል። ዝሆኑ፣ በኛ አጠራር ፊል፣ በሌሎች ጠጠሮች ራስ ላይ ይዘላል፤ ከሦስት ቤት በላይ ግን አይሄድም ይላል። የቆመበትን ቤት ጨምሮ ቈጥሮ ይመስለኛል፤ ፊል በማዕዘን የሚዘለው ወደ ሁለተኛው ቤት ነውና። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አውሮፓውያን ራሳቸው እስከ 15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ ይህንኑ ጠጠር እንዲሁ ነበር የሚያስኬዱት። ከዚያ ወዲህ እነሱ የዝሆኑን እግር አረዘሙት፣ በንጉሡ አጠገብ ያለውንም መካሪ ሴት አድርገው በሜዳው ሁሉ እንድትጋልብ ፈቀዱላት። በእኛ ዘንድ ግን ፈርዝ ከንጉሡ አጠገብ ቀስ እያለ በማዕዘን አንዲት ቤት የሚራመድ ሽማግሌ ሆኖ ቀረ። ቀሪዎቹ ጠጠሮች ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው፤ መደቅ የተባለው እግረኛው ነው። ሰሌዳውም እንደ ፈረንጆች ነጭና ጥቁር የተዥጐረጐረ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር በቁምና በአግድም ተሰፍቶበት ስምንት በስምንት የሆነ ነው። ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ ዘመቻ ለመሄድ ይመቻል።

አሁን ወደ መክፈቻው እንምጣ፤ ከሁሉ የሚደንቀው ይህ ነውና። ዛሬ በውድድር አዳራሽ ቼዝ የሚጫወት ሰው ሰዓት አጠገቡ ተቀምጦለት አንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያም ባለጋራው እስኪያንቀሳቅስ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹ አሥርና አሥራ አምስት አካሄዶች በመጻሕፍት ተጽፈው፣ የስፓኝ አከፋፈት፣ የሲሲሊ መከላከያ እየተባለ ስም ወጥቶላቸው ይጠናሉ። በኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ግን በመጀመሪያ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈለጉና እንደ ቻሉ ያንቀሳቅሳሉ። ፈጣኑ ብዙ ያስኬዳል፤ ቀርፋፋው ጥቂት። አንዱ ያሰለፈውን ሌላው አይቶ ሰልፉን ይለውጣል፤ ይኸኛውም ያንን አይቶ ያደረገውን አፍርሶ እንደገና ይሠራል። የዚህ ክፍል ስሙ ወረራ ነው። ወረራ የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር የበላ ጊዜ ነው፤ ከዚያች ሰዓት ወዲያ ግን ጨዋታው በተራ ይሆናል። ይህን ሥርዓት ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናታቸው በሰፊው ገልጸውታል። የእንግሊዙ የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ መሪም በ1913 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ለሐበሻ ሰንጠረዥ ስፍራ ሰጥቶታል።

በወረራ ጊዜ ጐበዝ ተጫዋች የራሱን ጠጠር አያይም ይባላል፤ እጁ የራሱን ሲያሰልፍ ዐይኑ ከባለጋራው እጅ ላይ ነው። ቸኵሎ የሚበላ ሰው ገና ያልተሰናዳ ጦር ይዞ በተራ ሕግ ውስጥ ይገባል። ሳይበላ አብዝቶ የሚቆይም ሰው ባለጋራው የማይበገር ቅጥር እንዲሠራ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ የጨዋታው ከባዱ ጥያቄ በየት ልሂድ የሚለው ሳይሆን መቼ ልምታ የሚለው ነው። የፍጻሜውም ሥርዓት የራሱ ክብር አለው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ማጥፋት ማንም የሚችለው ተራ ነገር ተብሎ ይናቃል፤ በፊልና በፈርዝ መግደል ያስመሰግናል፤ በመደቅ፣ በተራ እግረኛ፣ ንጉሥን አስጨንቆ መያዝ ግን የጌታ ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሶልት ትዝብት ልመለስ እወዳለሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያነብ ስቆ ያልፈዋል፤ ጌታን ማን ያሸንፋል ብሎ። እኔ ግን ነገሩን ሁለት ጊዜ ሳስበው ሁለት የማይስማሙ ነገሮች በአንድ ሰሌዳ ላይ ተቀምጠው አየሁ። አንደኛው፣ በራሱ ፊት አገልጋይ እንኳ እጁን ዘርግቶ የጌታውን ጠጠር ይዞ ይህ ስሕተት ነው ለማለት መቻሉ ነው። በሌላ ጊዜ በእንዲህ ያለ ጌታ ፊት ልብሱን አዋርዶ፣ ዐይኑን ሰብሮ የሚቆም ሰው፣ በሰንጠረዥ ዙሪያ ግን አፉ ተፈታ። ዛሬም ቢሆን በቂርቆስ ሠፈር ደጃፍ ላይ ዳማ በቆርኪ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ የሚያየው ሁሉ ጣቱን ከሰሌዳው አያነሣም፤ ታላቅና ታናሽ አይለይም። ሁለተኛው ነገር ግን፣ ይህ ሁሉ የአፍ ነፃነት መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ምክር ይሰጣል፣ ይጮሃል፣ ይከራከራል፤ የሚያሸንፉት ራሱ ናቸው።

ራሱ ይህን ያውቁ ነበር ወይ? እኔ ያውቁ ነበር ባይ ነኝ። ሁለት ጀግና ብቻቸውን የገጠሙ፣ ከራስ ሚካኤል ቍጣ የተረፉ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ትግራይን የገዙ ሰው፣ የባለጋራቸው እጅ ሆን ብሎ ሲሳሳት የማያዩ ቢሆኑ ኖሮ ያን ያህል ዘመን ባልቆዩም። ምናልባት ሰንጠረዡ ለእሳቸው የማሸነፊያ ነገር አልነበረም፤ ማን ምን እንደሚመክር፣ ማን እንዴት እንደሚሸነፍ የሚመለከቱበት ነበረ። ይህ ግን የኔ ግምት ነው፤ አንባቢ የራሱን ይፍረድ።

የማይከራከሩበት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሰሌዳው ውጭ ያሉት ባለጋሮች ሆን ብለው የማይሸነፉ መሆናቸው ነው። የዓጋሜው ሱባጋዲስ በወጣትነቱ ብዙ ጊዜ ሸፍቶባቸዋል። ራሱ ወግተውት፣ አባርረውት፣ በመጨረሻ ታርቀው ከጦር አለቆቻቸው እንደ አንዱ አደረጉት። በላስታና በየጁ በኩልም ያሉት መኳንንት ዕረፍት አልሰጧቸውም። ከሶልት ጋር መጥቶ በእንጣሎ የቀረው ናትናኤል ፒርስ የተባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ በእነዚህ ዘመቻዎች አብሯቸው ተዋግቷል። ፒርስ ጠባዩ የማይገታ ሰው ነበረ፤ አንድ ጊዜ ከራሱ ጋር ተቀያይሞ ከቤታቸው ወጥቶ ሄደ። ነገር ግን ጠላት ተባብሮ ሊወጋቸው መነሣቱን በሰማ ጊዜ ኵርፊያውን ትቶ ወደ ጌታው ተመለሰ፤ ራሱም በክብር ተቀበሉት። በሰንጠረዥ ዙሪያ ከሚጮኹት ከብዙዎቹ ይልቅ ይህ አንድ ሰው ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

ሶልት በ1802 ዓ.ም. (በ1810) ሁለተኛ ጊዜ መጣ። አሁን የመጣው እንደ ፊተኛው የአንድ ሎርድ ተላላኪ ሆኖ ሳይሆን የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ፣ ከንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ የተላከ ደብዳቤና ገጸ በረከት ይዞ ነው። ገጸ በረከቱ ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ታስቦ የተላከ ነበረ። ሶልትም ወደ ጎንደር አልፎ በእጁ ለማስረከብ ፈለገ። ራስ ወልደ ሥላሴ ግን ከራስ ጉግሣ ጋር ባላቸው ጠብ ምክንያት መንገዱ ስለማያስኬድ መልእክተኛው ከትግራይ አላለፈም። ስጦታው ሁሉ በጨለቆት ቀረ። ከስጦታውም ውስጥ መድፎች፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ የእብነ በረድ ጠረጴዛና ባለ ቀለም የመስኮት መስተዋት ይገኙበታል። መድፎቹ ተተኵሰው ሲያሳዩአቸው ራሱ እጅግ ደስ አላቸው። ሥዕሉ፣ ጠረጴዛውና መስተዋቱ ራሱ ላሳነጹት ለጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሆኑ። እንግሊዝ ለንጉሥ የላከችው፣ ከንጉሡ አጠገብ ባለው በፈርዙ እጅ ቀረ ማለት ነው።

ይህን አንዳንድ ሰዎች የራሱ ስስት ያደርጉታል። እኔ ግን በወረራ ሕግ እንጂ በስስት አልፈታውም። ራስ ጉግሣ በዚያ በኩል የየጁን ፈረሰኛ እያሰለፉ፣ ነገሥታት እያወጡና እያወረዱ ነበር። ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ በኩል ጠመንጃ እየሰበሰቡ፣ ጨውን እየያዙ፣ ከባሕር ማዶ ወዳጅ እያበጁ ነበር። ሁለቱም ተራ አልጠበቁም፤ ሁለቱም አንዱ ያደረገውን አይቶ ሌላው ሰልፉን ያሳምር ነበር። ያንን መድፍ በገዛ እጅ ለጎንደር ማሳለፍ ማለት ለራስ ጉግሣ ማሰለፊያ መስጠት ነው። ይሁን እንጂ አንድ የምነቅፍባቸው ነገር አለ። የመምቻው ሰዓት የቱ እንደ ሆነ አልወሰኑም። ከዓመት ወደ ዓመት ሰልፉ እየሰፋ ሄደ፤ ወሳኙ ምት ግን ከሁለቱም እጅ ሳይወጣ ቀረ። በዚህ መካከል የአገሩ ገበሬ የሁለት ወገን ወታደር ይቀልብ ነበር፤ ወረራ በሰሌዳ ላይ ሲሆን ማንም አይራብበትም።

ራስ ወልደ ሥላሴ በግንቦት ወር 1808 ዓ.ም. (በ1816) አረፉ። በእሳቸው ፈንታ ሁሉ አሜን ብሎ የሚቀበለው ሰው አላዘጋጁም ነበርና፣ ትግራይ ወዲያው በዘመዶቻቸውና በጦር አለቆቻቸው መካከል ተከፋፈለች። በየቀኑ የሚያየውን ይጽፍ የነበረው ፒርስ የዚያን ጊዜ ዘረፋና ጦርነት በማስታወሻው አስፍሯል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሱም ከኢትዮጵያ ወጥቶ በ1820 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በእስክንድርያ ሞተ። ወረቀቶቹ በዚያን ጊዜ በግብፅ የእንግሊዝ ቆንስል ለነበረው ለሶልት ደረሱ፤ ሶልትም በ1827 ሞተ። የፒርስ ማስታወሻ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው ሁለቱም ካለፉ በኋላ በ1831 ነው።

በትግራይ በመጨረሻ የበረታው ያ ብዙ ጊዜ የሸፈተውና ብዙ ጊዜ የታረቀው ሱባጋዲስ ሆነ። የጨውን አገርና የምጽዋን መንገድ፣ የጠመንጃውንም ክምችት፣ ከራሱ ዘመን እንደ ተሰለፈ ተረከበው። ራስ ጉግሣም በ1817 ዓ.ም. ሞተው የየጁ ፈረሰኛ ለልጆቻቸው ቀረ። በየካቲት ወር 1823 ዓ.ም. የጉግሣ ልጅ ራስ ማርዬ ተከዜን ተሻግሮ መጣ፤ በደብረ ዓባይ ከደጃዝማች ሱባጋዲስ ጋር ገጠሙ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ያን ሁሉ ዘመን ያሰለፉት ጦር እዚያ ተገናኘ። ራስ ማርዬ በጦርነቱ መካከል ወደቀ። ጦሩ ግን አሸነፈ፤ ሱባጋዲስ ተማርኮ በማግሥቱ ተገደለ።